አሥራ አምስት የሥራ ቀን፦ አለቃዋ ያዋረዳት የሂሳብ ሠራተኛ ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ በ2015 ዓ.ም. «ልልቀቅ ወይስ ልቻለው?» እያለች ያሳለፈቻቸውን ወራት ይመለከታል። ጉዳዩን የጻፍኩት በባለጉዳይዋ ፈቃድ ሲሆን ስሟን፣ የድርጅቱን ስምና የሥራ አስኪያጁን ማንነት አልጠቅስም። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ከሟች አባቷ ጋር የአንድ ዕድር አባላት ስለነበርን እሷ እኔን «ጋሼ» ትለኛለች፣ እኔም እሷን እንደ ልጄ «አንቺ» እላታለሁ። ይህችን «አንቺ» የምትል ቃል አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ጉዳዩ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው።

ባለጉዳይዋ የሕንፃ መሣሪያ እያስመጣ በሚያከፋፍል፣ ስልሳ የሚሆኑ ሠራተኞች ባሉት የአዲስ አበባ የግል ድርጅት የተቀጠረችው ነሐሴ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛነት ገብታ በአራተኛው ዓመት ሲኒየር ሆነች፤ ያልተጣራ ደመወዟም 17,000 ብር ደረሰ። ድርጅቱን የመሠረቱት አዛውንት ሁሉንም ሠራተኛ «አንተ»፣ «አንቺ» እያሉ የሚጠሩ ሰው ነበሩ፤ ይህንን እንደ ንቀት የቆጠረው አልነበረም፤ ምክንያቱም ሰው ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠይቁት፣ ሲያጠፋም በራቸውን ዘግተው የሚቆጡት እሳቸው ነበሩ። በመስከረም 2015 እሳቸው በዕድሜ ምክንያት ቢሮውን ለዘመዳቸው ሲለቁ ግን ያው «አንቺ» ትርጉሙ ተለወጠ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከባለጉዳይዋ በዕድሜ ያንሳል። ሠራተኛው በሙሉ «ጋሼ» የሚላቸውን፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸውን የመጋዘን ኃላፊ በደንበኛ ፊት «ስማ አንተ!» ብሎ በጠራቸው ዕለት ቢሮው ሁሉ ዝም አለ። በአማርኛ ሰውን ለማዋረድ የግድ መስደብ አያስፈልግም፤ በማን ፊት፣ በምን ዕድሜ ላይ ላለ ሰው፣ በምን ድምፅ እንደተባለ ከታወቀ አንዲት ተውላጠ ስም ትበቃለች። ይህ በፍርድ ቤት ለማስረዳት ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ እንደሆነ በኋላ አይተነዋል።

ነገሩ የፈነዳው ማክሰኞ ሚያዝያ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ለጭነትና ለማውረጃ ተብሎ የ240,000 ብር የክፍያ ጥያቄ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወደ ሂሳብ ክፍል ወረደ፤ ደረሰኝም ሆነ ውል አልተያያዘበትም። እሷ ማንኛውም የሂሳብ ሠራተኛ እንደሚያደርገው «ደረሰኝ ይያያዝ» የምትል ቢጫ ወረቀት ለጥፋ መለሰችው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ራሱ መጣ። በክፍሉ ውስጥ ገንዘብ ያዧ ወጣት፣ የመጋዘን ኃላፊውና ከውጭ የመጣ አንድ ደንበኛ ነበሩ። ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረው፤ ፋይሉ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ቮቸሮቹም ወለሉ ላይ ተበተኑ። «አንቺ ማነሽና ነው እኔን ደረሰኝ የምትጠይቂኝ? ደንቆሮ! የምከፍልሽ እንድትጽፊ እንጂ እንድትጠይቂ አይደለም» አላት። የመጋዘን ኃላፊው ጎንበስ ብለው ወረቀቶቹን መሰብሰብ ሲጀምሩ «ተዋቸው! እሷ ትልቀም» አላቸው።

እሷም ለቀመች። ይህንን ስትነግረኝ ድምፅዋ የተቆረጠው «ደንቆሮ» በሚለው ቃል ላይ አልነበረም፤ «ለምን ለቀምኩ ጋሼ?» ስትል ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ በደብዳቤው ላይ «እርስዎ የተሰጠዎትን ኃላፊነት በአግባቡ ባለመወጣትዎ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። በቃል «ደንቆሮ» የተባለች ሴት በወረቀት «እርስዎ» ተብላለች። ብዙ አለቆች ክብርን ማኅተም ላለበት ወረቀት ብቻ ያስቀምጡታል፤ ሠራተኛው ከሰሰ ቢባል እጁ ላይ የሚገኘው በአክብሮት የተጻፈው ደብዳቤ ብቻ ነው።

እኔ ዘንድ የመጣችው እሑድ ግንቦት 13 ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ነበር። በዚያ መካከል ሁሉም ሰው ምክሩን ለግሷት ነበር። እናቷ «ልጄ፣ እንጀራሽን አትግፊ፤ ሆድ ከሀገር ይሰፋል» ብለዋታል። አብራት የተማረች ጓደኛዋ ደግሞ «ነገ ጠዋት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥለሽለት ውጪ» ብላታለች። ሁለቱም የመከሯት ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ቀን አልቆጠሩም። እኔ መጀመሪያ የጠየቅኋት ነገሩ የተፈጸመበትን ቀን ነበር፤ ስትነግረኝም ቡናዬን አስቀምጬ የግድግዳውን ካላንደር አየሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት በአንቀጽ 12 ይደነግጋል። በአንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ሳይሰጥ፣ ምክንያቱንና የሚለቅበትን ቀን በጽሑፍ ገልጾ ሥራውን ማቋረጥ እንደሚችል ይገልጻል፤ በዚህ መንገድ የለቀቀ ሠራተኛ ከሥራ ስንብት ክፍያው በተጨማሪ የ30 ቀን ደመወዙን ያህል ካሣ የማግኘት መብት አለው። ይሁንና ተከታዩ አንቀጽ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከተወገደበት ጊዜ ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ቀሪ እንደሚሆን ይደነግጋል። የድርጅቱ ሠራተኞች ቅዳሜም ይገባሉ። በመካከሉ የዋሉትን የላብ አደሮች ቀንና የአርበኞች ቀን ቀንሰን ስንቆጥር አሥራ አምስተኛው ቀን ሰኞ ግንቦት 7 ላይ አልቋል። ስድስት ቀን ዘግይታ ነበር የመጣችው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ይኸው ነው። የእኛ ሰው ሲዋረድ መጀመሪያ የሚያደርገው መቻል ነው። ሽማግሌ እስኪገባ ይጠብቃል፤ የበዓል ሰሞን ከሆነ በዓሉ ይለፍ ይላል፤ ደመወዝ ከተቃረበ ደመወዙ ይውጣ ይላል። ይህ ትዕግሥት በባህላችን የጨዋነት ምልክት ነው። ሕጉ ግን ትዕግሥትን የሚያነበው በሌላ መንገድ ነው፤ በአሥራ አምስት የሥራ ቀን ውስጥ ያልሄደ ሰው ነገሩ ያን ያህል አልጎዳውም ብሎ ይገምታል። ከድንጋጤዋ ገና ያልወጣች ሴት በሁለት ሳምንት ተኩል ጊዜ ውስጥ ቤተሰቧን አማክራ፣ ምስክር አሰባስባ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ አርቅቃ ትጨርሳለች ማለት ለእኔ ከሕይወታችን የራቀ ነገር ነው። ሆኖም ሕጉ ሕግ ነው።

ሌላም መጣራት የነበረበት ነጥብ ነበር። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ ማለትም የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን የተሰጣቸው ኃላፊዎች በዚህ ሕግ አይዳኙም። በማዕረጓ ላይ «ሲኒየር» የሚል ቃል መኖሩ አሳስቧት ነበር። የሥራ መደቧን ዝርዝር አምጥታ አየነው፤ ማንንም የመቅጠርም ሆነ የማሰናበት ሥልጣን አልነበራትም። ስለዚህ በአዋጁ ትሸፈናለች።

ከሕጉ ቀጥሎ ወደ ኪሷ ገባን። ከ17,000 ብሩ ላይ በጊዜው ሕግ መሠረት የሥራ ግብር 4,450 ብር፣ የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ ማለትም 1,190 ብር ሲቀነስ በእጇ የሚገባው 11,360 ብር ነበር። የቤት ኪራይ 5,500፣ የስምንት ዓመት ልጇ ትምህርት ቤት 1,800፣ ዕቁብ 2,000 ብር። ዕቁቡ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው፤ በጥር ወር ደርሷት በልታዋለች፣ ገና አምስት ዙር ይቀራታል፣ የተዋሷት ደግሞ ጎረቤቷ ናቸው። «እኔ ብራብ እራባለሁ፤ እሳቸውን ግን በዕቁቡ ዳኛ ፊት ማሳፈር አልችልም» አለችኝ። በባንክ ያላት 23,000 ብር ያለ ደመወዝ ሁለት ወር ብቻ ያቆያታል።

የጓደኛዋን ምክር በዚህ መነጽር ስናየው ዋጋው ወለል ብሎ ታየ። የ15 ቀኑ ገደብ ስላለፈ በማግሥቱ ጥላ ብትወጣ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደለቀቀች ይቆጠራል፤ አሠሪውም እስከ 30 ቀን ደመወዟ የሚደርስ ካሣ ሊጠይቃት ይችላል። በሌላ በኩል ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ እስከሌለበት ድረስ በራሱ ፈቃድ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። እሷ አምስት ዓመቷን የምትሞላው ሐምሌ 30 ቀን ነበር። ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ስለሚታከልበት በግርድፉ 39,666 ብር ከግብር በፊት ይደርሳል። በግንቦት ጥሎ በመውጣትና በነሐሴ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመልቀቅ መካከል ያለው ልዩነት ካሣው ሲደመርበት ከ56,000 ብር በላይ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ነገር ግን ይህንን ተረት ለእሷ አልነገርኳትም፤ መልቀም የሚለው ቃል በዚያ ሰሞን ያማት ነበር።

ስለዚህ ያቀረብኩላት ሐሳብ ቁርጥ ያለ ነበር፦ መልቀቁ እርግጥ ነው፤ ቀኑ ግን ዛሬ አይደለም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጪያለሽ፣ ውሉ የሚቋረጠው አምስት ዓመትሽ ከሞላ በኋላ ይሆናል፣ እስከዚያ ሥራ ትፈልጊያለሽ አልኳት። ያለ ደረሰኝ የሚመጣ ክፍያ ላይ ግን አንድም ቀን እንዳትፈርም አስጠነቀቅኋት፤ ስድብ ያልፋል፣ ፊርማ ግን ኦዲተር በመጣ ቁጥር ከፋይሉ ውስጥ እየወጣ ይጠይቃል። የስድቡ ቀን ከደረሰኙ ጥያቄ ጋር መግጠሙም በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። በአንድ ትንሽ ደብተርም የተነገራትን ቃል፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በቦታው የነበረውን ሰው እንድትመዘግብ አደረግሁ። «ተሰደብኩ» ብላ እንዳትጽፍ፣ የተባለውን ቃል እንዳለ እንድታሰፍር ነገርኳት።

ሰኞ ሰኔ 12 ቀን በዓመት መዝጊያ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ያንኑ ቃል ደገመው። «ይህችን ደንቆሮ ማን ሲኒየር እንዳደረጋት ይገርመኛል» አለ፤ ዘጠኝ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ስትደውልልኝ እያለቀሰች አልነበረም፤ «ጋሼ፣ አዲስ አሥራ አምስት ቀን ጀመረ አይደል?» ነበር ያለችኝ። ልክ ነበረች። አዲሱ ድርጊት የራሱ ቀን ይቆጠርለታል፤ አሁን በአንቀጽ 32 መሠረት ወዲያውኑ መልቀቅ፣ ካሣም መጠየቅ ትችላለች።

ሦስት ምሽት ተወያየንበት። ማስረዳቱ የእሷ ሸክም ነው፤ ማስረጃውም ሰው ነው። የመጋዘን ኃላፊው «እኔ ከዚህ በኋላ ምን ይቀረኛል፣ እመሰክራለሁ» አሏት። ገንዘብ ያዧ ግን ሽንት ቤት በር ላይ ጠብቃ እጇን ይዛ «እባክሽ እህቴ፣ ስሜን አትጥሪ፤ ሦስት ታናናሾቼን የማስተምረው እኔ ነኝ» አለቻት። የቀሩት ሰባቱ ምንም አላሉም። እኔ በልቤ ክሱን እንድትመሠርት እፈልግ ነበር፤ የተጣሰ ክብር በችሎት ስሙ ሲጠራ ማየት የሚያምረኝ ሰው ነኝ። እሷ ግን ከእኔ ይልቅ ጥርት አድርጋ አሰበች፦ በአንድ ምስክር ክርክሩን ብትሸነፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ለቃለች ይባላል፣ አምስት ዓመቱም አይሞላም፤ ስድስት ሳምንት ብትታገሥ ግን ክፍያው ያለ ምስክር በቀን ቆጠራ ብቻ ይረጋገጣል። የወሰነችው እሷ ናት፤ እኔ የተስማማሁት ዘግይቼ ነው።

ሰኞ ሐምሌ 3 ቀን የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያዋን በሁለት ቅጂ ይዛ ገባች። ደብዳቤው ላይ ምክንያት ይጻፍ አይጻፍ በሚለው ተከራክረን ነበር። በመጨረሻ ምክንያት ሳይኖረው «ከነሐሴ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራዬን በራሴ ፈቃድ የምለቅ መሆኑን በሕጉ መሠረት አስቀድሜ አስታውቃለሁ» የሚል ብቻ ሆነ፤ ቀጣዩ ቀጣሪ ከድርጅቱ ስለ እሷ ሲጠይቅ ከፋይሉ ውስጥ ክርክር እንዲያገኝ አልፈለግንም። ጸሐፊዋ «ለእሳቸው ካላሳየሁ አልቀበልም» ስትላት ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ደብዳቤውን አንብቦ ቀና ብሎ አያት፤ ምንም ሳይናገር የገቢ ቁጥር ሰጠው፣ ቀኑን ጻፈ፣ በሁለተኛው ቅጂ ላይ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታ። አንዱ ደብዝዞ ስለነበር ይመስለኛል። እሷ ግን «ሁለተኛውን ለእኔ ብሎ ነው» ትላለች።

ሥራ አስኪያጁ «ሂሳብ ሳትዘጊ ጥቅምት 30 ሳይደርስ የትም አትሄጂም» አላት፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የዓመቱን ግብር የሚያሳውቁበት ጊዜ የሚያበቃው በዚያ ቀን ነው። ሕጉ የሚጠይቃት 30 ቀን ነው እንጂ የግብር ወቅትን አይደለም። በ30ው ቀን ውስጥ ርክክቡን በቃለ ጉባኤ ፈጸመች፦ ያልተዘጉ ሂሳቦች ዝርዝር፣ የባንክ ማስታረቂያ፣ የደረሰኝ ጥራዞች ከቁጥራቸው ጋር፣ ያለ ደረሰኝ መጥተው የመለሰቻቸው አራት የክፍያ ጥያቄዎችም ጭምር። ይህ የመጨረሻው መስመር በቃለ ጉባኤው እንዲገባ አጥብቃ የያዘችው እሷ ናት፤ ተረካቢው ፈርሞበታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደው ጣጣ ነው። ክፍያዋ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ሲገባው የመጨረሻ ደመወዟና ያልተጠቀመችበት የ11 ቀን የዓመት ፈቃድ ብቻ ተከፈላት፤ የሥራ ስንብት ክፍያውን «በራስሽ ፈቃድ ለቀሽ ምን ክፍያ አለ?» ብለው ያዙት። የሥራ ልምድ ማስረጃዋንም በክሊራንስ ሰበብ አቆይተው ዓርብ ጳጉሜን 3 ቀን ሰጧት። በዚያ መካከል በ14,500 ብር ልትቀጥራት የተስማማች አንዲት አነስተኛ ፋብሪካ ዋስና የሥራ ልምድ ስትጠብቅ ነበር፤ ዋስ የሆኗት እነዚያው የዕቁቡ ጎረቤት ናቸው። የስንብት ክፍያውን በጽሑፍ ጠይቃ መልስ ስታጣ፣ የስድስት ወሩ የይርጋ ጊዜ ሳያልፍ በጥቅምት 2016 በሥራ ክርክር ችሎት ክስ መሠረተች። መጥሪያው ለድርጅቱ በደረሰ በሁለተኛው ሳምንት ተደውሎላት ቼኳን ወሰደች።

የእኔን ስሕተት አልደብቅም። ስታማክረኝ ብሩን ቆጠርኩ፣ ቀኑን ቆጠርኩ፤ እነዚያ አሥራ አንድ ሳምንታት በሰውነቷ ላይ የሚያደርሱትን ግን አልቆጠርኩም። በሰኔ መጨረሻ የጨጓራ መድኃኒት ጀምራ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የድርጅቱን በር ስታይ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጇ «እማ ለምን ማታ ማታ ትቆጣለች?» ብላ አያቷን እንደጠየቀች የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። 39,666 ብር ለዚህ በቂ ዋጋ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቃት ትንሽ አስባ «ብሩ ሳይሆን በሥርዓት መውጣቴ ነው የጠቀመኝ፤ ያን ቀን ለቅሜ ነበር፣ ስወጣ ግን አስፈርሜ ወጣሁ» አለችኝ። ደመወዟ የቀነሰ መሆኑ ግን እስካሁን ይከብዳታል፤ የልጇን ትምህርት ቤት ለመቀየር ተገዳለች።

በታኅሣሥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ገንዘብ ያዧ ናት። ስልኬን የሰጠቻት ባለጉዳይዋ መሆኗን፣ ሰሞኑን በእሷም ላይ ያው ነገር እንደደረሰባት፣ ማስቸገር እንደማትፈልግ እየተቻኮለች ነገረችኝ። ታሪኩን ልትጀምር ስትል አቋረጥኳትና የሆነበትን ቀን ጠየቅኋት።

«ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው ጋሼ» አለችኝ።

«እሑዶቹን ቆጥረሽ?»

ዝም አለች፤ በጣቷ ስትቆጥር ይሰማኛል። «እሑዶቹ ሲወጡ ዘጠኝ» አለች።